ኦፍሳይድ ነበር

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ኳስ ሜዳ ይውል ነበር፤ ኳስ ግን አያይም። ከሜዳው በስተምሥራቅ፣ መውጫው ደረጃ በሚጀምርበት አናት፣ በአንዲት የቢራ ሣጥን ላይ ይቆምና ፊቱን ወደ ደረጃው፣ ጀርባውን ወደ ጨዋታው ይሰጣል። ከኋላው አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ይጮኻል፣ ይዘፍናል፣ የዳኛውን እናት ያነሳል። እሱ ባዶውን ደረጃ ያያል።

ልጅ ሆኜ ይህ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። በትምህርት ቤታችን የረበሸ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። አባቴም አንድ ነገር አጥፍቶ፣ ፍርዱን ገና ያልጨረሰ መሰለኝ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት፣ ኳስ ስለሚጠላ ነው የሚል ነው። በስኮትላንዷ የኪርክሎድን ከተማ ደግሞ ኳስ ከመጥላት የከፋ ጥፋት አላውቅም ነበር።

ሜዳችንን «ጉብታው» ነው የምንለው። ከድሮው የከሰል ጉድጓድ የወጣ አመድና ጭንጫ ሲከመር፣ ሲከመር ኮረብታ ሆነ፤ በኮረብታው ላይ ሜዳ ሠሩበት። ከአናቱ እስከ ታችኛው መንገድ አንድ መቶ አራት እርከን አለ። እርከኑ ከላይ ሰፊ ነው፣ ሃያ ሰው ጎን ለጎን ያስወርዳል፤ ወደ ታች ሲሄድ ግን በቢራ ፋብሪካው ግንብና በባቡር ሐዲዱ አጥር መሀል ይጠብና ስምንት ሰው ማሳለፍ ይቸግረዋል። ይህን የሠራ ሰው ስሙ አይታወቅም። አባቴ ግን ቢያገኘው ምን እንደሚለው ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በሮቹ ገና ሳይከፈቱ፣ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ ይወጣዋል። እኔንም ይዞኝ ይሄድ ነበር። በሥራ ቀን የዳቦ መኪና ስለሚነዳ ኮቱ ሁልጊዜ እርሾ እርሾ ይላል። በአንድ እጁ መዶሻ፣ በአንድ እጁ አሸዋ የሞላ ባልዲ። ብቅ ያለ ምስማር ይመታል፤ ውሃ ያቆረ እርከን ላይ አሸዋ ይበትናል፤ የእጅ መደገፊያውን ብረት ይዞ በሙሉ ክብደቱ ይወዘውዘዋል። ብረቱን በግራ እጁ ሲይዝ በሦስት ጣት ነው። የቀሩት ሁለቱ አይታጠፉም። የዳቦ መኪናው በር እንደቀጠቀጣቸው ነግሮኛል፤ እኔም አምኜዋለሁ።

«ኢነስ፣» ይለኛል እየወጣን፣ «ብዙ ሰው እንደ ውሃ ነው ሲሉ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሞኞች ናቸው። ውሃ ከወረደ ወረደ ነው። ሰው ግን ይመለሳል። ጣጣው እሱ ነው።»

ከዚያ እንደ ጸሎት የማጠናውን ይጠይቀኛል። እጅህ የት ነው? ደረቴ ላይ፣ እንደ ቦክሰኛ። የወደቀብህ ነገር የማን ነው? የደረጃው። ጎንበስ ትላለህ? አልልም፣ የአያቴ የወርቅ ሰዓት ቢሆንም አልልም። ቢገፉህ ትገፋለህ? አልገፋም፣ ወደ ጎን እሄዳለሁ። 

«ሰው ሲጮኽ ትፈራለህ?»

«አልፈራም። የሚጮኽ ሰው አየር አለው።»

«መቼ ነው የምትፈራው?»

«ዝም ሲሉ።»

«ጎበዝ።» ከኪሱ ትናንት የተረፈች ጣፋጭ ዳቦ አውጥቶ ይሰጠኛል። 

እኔ ግን እየበላሁ የማስበው፣ ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን እንዴት ኳስ እንደሚመታ እያስተማሩ፣ የእኔ አባት ስለ መውረድ ያስተምረኛል ብዬ ነበር።

እናቴ ነርስ ስለነበረች ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ትውላለች። ጨዋታውን የማየው ከአባቴ እህት፣ ከአክስቴ ከሴንጋ ጋር ነው። አክስቴ ሴንጋ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ የማሽን ጫጫታ ሰብሮ የሚያልፍ ነው። በአባቴ አጠገብ ስናልፍ ሳትነካው አታልፍም።

«አንተ ሐውልት! ዞር በል እስቲ፣ ኳስ የምትባል ክብ ነገር አለች!»

«ሴንጋ፣ ቀኝሽን ይዘሽ ሂጂ።»

«ወንድሜ እኮ ነው ይህ ጉድ፣» ትላለች ለማታውቀው ሰው ሁሉ። «አንድ ሆድ አውጥቶን!»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከአርድሎች ቡድን ጋር ሆነ። ካሸነፍን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወደጠበቅነው ላይኛው ምድብ እንገባለን። አቻ ከወጣን ባለንበት እንቀራለን። ከተማው በሙሉ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ሥጋ ሻጩ ታም ጊልክራይስት በመስኮቱ ላይ ያለውን የአሳማ ጭንቅላት ቀይ ኮፍያ አልብሶት ነበር።

ጨዋታው ግን ከንቱ ነበር። ዝናቡ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ያካፋል። የኛዎቹ ኳሱን ሰማይ ሰማይ ይለጉታል። ትኩሱን የሥጋ መረቅ በኩባያ ይዤ እጄን አሞቅበታለሁ፣ አክስቴ አጥቂዎቻችንን በየስማቸው ትረግማለች። አምስት ደቂቃ ሲቀር ዜሮ ለዜሮ ነበርን።

«በቃ!» አለች። «እነዚህ ድንጋዮች እስከ ገና ቢጫወቱ አያገቡም። ና፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠን።»

እሷ ብቻ አልነበረችም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ እንደ ዕድር አንድ ላይ ነው። ከያለበት እየተነሳ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ወደ ደረጃው ይጎርፍ ጀመር። አባቴ ሣጥኑ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ድምፅ ማጉያውን አንጠልጥሎ፣ ዝናቡ ከኮፍያው ጫፍ ይንጠባጠባል። ስናልፍ ጎንበስ አለልኝ።

«ኢነስ። ቀኝህን። እጅህን ደረትህ ላይ።»

«አውቃለሁ፣» አልኩት። ሰው እያየን ስለነበር አፈርኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ከኛ ጥቂት እርከን ዝቅ ብሎ ታም ጊልክራይስት ይወርዳል። የአራት ዓመት ልጁን ሞራግን ትከሻው ላይ ተሸክሟታል። ቀይ ኮፍያዋ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ እንደ መብራት ይወዛወዛል። ወደ ስድሳኛው እርከን፣ ጥበቱ በሚጀምርበት ስንደርስ፣ ጩኸቱ መጣ።

መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም። መሬቱ በእግሬ በኩል ነው የነገረኝ። ጉብታው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከላይ፣ ከኋላችን ጩኸት ፈነዳ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ደረጃው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። 

«አገባን!» አለ ታም። ዞረ። «አገባን! ልቀቁኝ፣ አሳልፉኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት!»

መውጣት ጀመረ። ከታች ያሉት ሁሉ እሱን ተከትለው ፊታቸውን አዞሩ። ከላይ የሚመጡት ደግሞ ገና እየወረዱ ነበር፤ እኛ መሀል ላይ ነን። ከሁለቱም በኩል ሰው እንደ በር ተዘጋብኝ። ጉንጬ በአክስቴ ኮት ቁልፍ ላይ ተለጠፈ። እግሬ እርከኑን ለቀቀ፣ አየር ላይ ቀረሁ። አንድ ጫማዬ ወለቀ። የወደቀው የደረጃው ነው አልኩ በልቤ። እጄን ከኪሴ ለማውጣት ሞከርኩ፤ እጄ የኔ አልሆን አለ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፣ በዙሪያዬ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። አፋቸው ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። ከላይ ያ ሁሉ ደስታ፣ እኛ ጋ ዝምታ።

አንገቴ ወደ ላይ ተቆልምሞ ስለነበር የማየው አባቴን ብቻ ነው። ሰማዩ ላይ እንደተለጠፈ ከሣጥኑ ላይ ቆሟል። ሃያ ሁለት ዓመት ያላደረገውን ያን ጊዜ ሲያደርግ አየሁት። ጭንቅላቱን አዞረ። ወደ ሜዳው አየ። አንድ ጊዜ፣ ዓይን እስኪከደን ያህል። ፈገግ አለ። በሕይወቴ በአባቴ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ፈገግታ አይቼ አላውቅም፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ከዚያ ወደኛ ተመለሰና ፈገግታው የውሃ ሽታ ሆነ። ማጉያውን አፉ ላይ አደረገ።

«ኦፍሳይድ! ኦፍሳይድ ነው! የመስመር ዳኛው ባንዲራ አንስቷል! የምትሰሙት ዳኛውን ሲሰድቡት ነው! ጎል የለም! ታም ጊልክራይስት፣ ዞር በል! ወደ ታች! ሁሉም ወደ ታች!»

ድምፁ የተረጋጋ ነበር። የዳቦ ዋጋ የሚናገር ነበር የሚመስለው።

ለአንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከስር፣ ከብዙ መቶ ሰው ሆድ የወጣ «ኧረ በስማም!» የሚል ማቃሰት ተሰማ። ታም ዳኛውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበና ዞረ። እሱ ሲዞር ከበስተኋላው ያሉት ዞሩ፣ የእነዚያም ከኋላ ያሉት። እግሬ መሬት ነካ። ሰው እንደ ተፈታ ቋጠሮ ላላ፣ ላላ፣ ከዚያ መራመድ ጀመረ። «አንድ እርከን፣ አንድ እርከን፣» ይላል ማጉያው ከላይ። «ቀኛችሁን። የሚያስቸኩል ነገር የለም። አቻ ነው የወጣነው፤ ቤታችሁ ሂዱና ሻይ ጠጡ።»

ታች መንገዱ ላይ የቆመው አውቶቡስ ሹፌር ሬዲዮውን ከፍቶ ነበር። በመስኮቱ ወጥቶ ሊበር ምንም አልቀረውም።

«አንድ ለዜሮ! አንድ ለዜሮ እኮ ነው! ምነው ፊታችሁ እንደ ቀብር?»

ከጉብታው ላይ ዘፈኑ ይሰማል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀ ዘፈን። እኛ ታች ዝናብ ላይ ቆመናል። ታም ልጁን ከትከሻው አውርዶ፣ ኮፍያውን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው።

«ያ እውር! ያ የዳቦ ነጂ! ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ እውር ነው ያስቀረኝ!»

አክስቴ ሴንጋ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጎሉ ስላመለጣት መሰለኝ። እጇን ከኮቷ ስር አስገብታ ጎኗን ትዳብሳለች፣ ባዶ እግሬን ታያለች፣ ታለቅሳለች። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሁለት የጎድን አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር። ለሰው ሁሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራተተኝ አለች። እሷ ሁለት ጎረቤት ሳይሰማላት ሚስጥር ይዛ አታውቅም፤ ይህን ብቻ ያዘች።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ያየሁት ነገር ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ፈገግ ብሏል። ጎላችንን ሊያሳጣን ሲል ፈገግ ብሏል። ስለዚህ የጠረጠርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ኳስ ብቻ ሳይሆን እኛንም ይጠላል ብዬ ደመደምኩ። ሰው እውር ነው ሲለው እኔ ብቻ ከዚያ የከፋ መሆኑን አውቃለሁ ብዬ አመንኩ።

ሰኞ ጠዋት የአትክልታችን በር ላይ አሮጌ መነጽር ተሰቅሎ ተገኘ። ማክሰኞ ሦስት። እስከ ቅዳሜ አሥራ ሰባት ደረሰ፤ አንዱ የሴት ነበር፣ በአንጸባራቂ ድንጋይ ያጌጠ። አባቴ አንድ በአንድ አውርዶ በብስኩት ቆርቆሮ ሰበሰባቸውና ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ለሩቅ አገር ድሆች ይልኩታል አለ። «ያን የሴቷን ግን እኔ ብለካው ምን ይመስልሻል?» ብሎ እናቴን ሲያስቃት ሰማሁ። በመንገድ ሲያልፍ ልጆች «ኦፍሳይድ!» ብለው ይጮኻሉ። እሱ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። በትምህርት ቤት እኔም «ትንሹ ኦፍሳይድ» ሆንኩ። ሁለት ጊዜ ተደባደብኩ፤ ሁለቱንም ተሸነፍኩ።

በዚያው ሳምንት የቡድኑ ጸሐፊ ሚስተር ፔትሪ ቤታችን መጣ። እኔ ተኛ ተብዬ ከፎቁ መወጣጫ ላይ፣ በእንጨቶቹ መሀል አጮልቄ አያለሁ። ሻይ አልነካም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል።

«ዱጋልድ፣ ነገ ኮሚቴው ፊት ምን ልበል? አይቷል ወይስ አላየም?»

«አላየም ይበሉ።»

«ሰውዬ፣ እውነቱን ብናገር እኮ . . .»

«ዓይኑ ደክሟል ይበሉ፣ ሚስተር ፔትሪ። ሣጥኑን ለአስተናባሪው ለላክላን ስጡት። ወጣት ነው፣ ዓይኑ ንስር ነው፤ ሰውም ያምነዋል። የደረጃው መከፋፈያ ብረትስ?»

«በዚህ በጋ ይተከላል። አንገቴን ሰጥቼም ቢሆን አስተክለዋለሁ።»

«እንግዲያውስ ነገሩ አለቀ።»

ሚስተር ፔትሪ ተነስቶ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ቆየ። ልቅሶ ቤት ሰው እንደዚያ እጅ ሲይዝ አይቻለሁና፣ ሥራውን ስላጣ እያጽናናው ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር ነበር ያናደደኝ። አባቴ ዓይኑ ሰባተኛ ቤት ያለ የውሻ ጭራ የሚያይ ነው። ዓይኔ ደክሟል ሲል እየዋሸ ነው። ጥላቻውን ሊሸፍን ነው የሚዋሸው አልኩ።

በበጋው ደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ሦስት ረድፍ ብረት ተተከለ፤ ሰው ከተሰለፈ ወደ ኋላ መዞር የማይችልበት። ላክላን ማጉያውን ይዞ ሣጥኑ ላይ ወጣ። አባቴን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አዛወሩት። ከግንብ ኋላ፣ ሜዳው የሚባል ነገር በማይታይበት፣ ለሰው ብስክሌት ቁጥር ይሰጣል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ደረጃውን መፈተሹን አልተወም። «ትመጣለህ?» ይለኛል ባልዲውን አንስቶ። የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት ጠየቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት በመስኮት ሆኜ ብቻውን ሲሄድ አየሁት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ከሁሉም ነገር ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያልበላሁት ዳቦ።

ትምህርቴን ስጨርስ ሥራ አልነበረም። ብቸኛ ልጅ ነበርኩ፣ ከሰው ይልቅ ከመስኮት ጋር የምውል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላክላን አስተናባሪ ጎድሎብናል ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የቅዳሜዋን ክፍያ አስቤ እሺ አልኩ። አባቴ ሲሰማ ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ። የመጀመሪያ ቀኔ ዋዜማ ግን ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ትመጣለህ?»

ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። ሄድኩ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሣጥኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ልጅ ሆኜ አንድም ቀን እዚያ ቆሜ አላውቅም፤ እዚያ የሚቆም ሰው ሁለት መሆን የለበትም ይል ነበር። ወደ ታች አየሁ። አንድ መቶ አራት እርከን፣ ከታች ጥበቱ። ከዚያ ምን እንደመራኝ እንጃ፣ ጭንቅላቴን አዞርኩ። የምሥራቁ ጎል ከነመረቡ አፍንጫዬ ስር ነበር። የመረቡን ቋጠሮ መቁጠር ይቻላል።

 

«አይተኸው ነበር፣» አልኩት።

«አይቼው ነበር።»

«ባንዲራ አልነበረም።»

«ምን ባንዲራ! ከዚያ የጠራ ጎል በስኮትላንድ ምድር አልገባም። ኳሷ እዚያ ማዕዘኑ ጋ መረቡ ውስጥ፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ወደ መሀል ሲሮጥ።» በማይታጠፉት ጣቶቹ ማዕዘኑን አሳየኝ። 

«እና ፈገግ ያልከውስ? አይቼሃለሁ። ፈገግ ብለሃል።»

ገርሞት አየኝ። «አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ይዘህ ነው የምትዞረው?»

ከሣጥኑ ላይ ቁልቁል አየሁት።

«ጎል ነበራ፣ ኢነስ! ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ጎል! ምን ላድርግ፣ ላልቅስ? በሃያ ሁለት ዓመት ያየኋት ጎል አንዲት ናት። እሷንም ካድኳት።»

ሣጥኑ ላይ ቆሜ ሳለሁ ቀሪውን ነገረኝ። እኔ ሳልወለድ፣ እሱ በእኔ ዕድሜ ሳለ፣ በሌላ ከተማ በሌላ ሜዳ ደረጃ ላይ፣ ሰው የጎል ድምፅ ሰምቶ ሲመለስ መሀሉ ላይ ነበር። ጣቶቹን የቀጠቀጣቸው የመደገፊያው ብረት ነው። አብሮት የሄደው ጓደኛው በእግሩ አልተመለሰም። የዳቦ መኪናውን በር ለእኔ ነው የፈጠረው። 

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልተናገርክም?» አልኩት። «ከተማው እግርህ ስር ይወድቅ ነበር።»

«ከዚያስ በሚቀጥለው ዓመት?» አለኝ። «አስበው። ላክላን እዚህ ቆሞ 'ጎል የለም፣ ውረዱ' ሲል፣ ታም ጊልክራይስት ምን ይላል? 'አሃ፣ እነዚህ ለደኅንነታችን ይዋሻሉ፤ ጎል ነው!' ብሎ ይዞራል። በዓይኔ ከተጠራጠሩ ዓይን ያለው ሰው ይተካል። በማጉያው ከተጠራጠሩ ግን ማንን ትተካለህ? እውር መባል ይሻላል።» ከዚያ መዶሻውን አንስቶ ብቅ ያለ ምስማር መታ። «ይህ ደረጃ እስኪፈርስ ድረስ እኔ አላየሁም። አንተም አልሰማህም። ሲፈርስ የወደድከውን አድርግ።»

ስምንት ዓመት ቃሌን ጠበቅሁ። ላክላን በለቀቀልኝ በአባቴ ሣጥን ላይ፣ ጀርባዬን ለጨዋታው ሰጥቼ። እመኑኝ፣ ከዚያ ያማረ ቦታ በሜዳው የለም። ሰው ሁሉ ወደ አንተ ይመጣል፣ በአጠገብህ ያልፋል፣ ቤቱ ይገባል፤ አንተ ምንም ያላደረግህ ይመስላል። ዘጠኝ ሺህ ሰው ቤቱ ገብቶ ስለ ጎል ብቻ ሲያወራ፣ ስለ ደረጃው አንድ ቃል የሚያነሳ ሲጠፋ፣ የኔ ደረት ያን ጊዜ ነው የሚነፋው። ይህን የወረስኩት ከማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለፈው የጸደይ ወቅት ደረጃውን አፈረሱት። በስተደቡብ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ መውጫ ተሠራ፤ ሕፃን በጋሪ የሚወርድበት። ቡልዶዘሩ ጉብታውን ሲቆርሰው አባቴ ወንበር አስወጥቶ ሲያይ ዋለ። ማታ «እንግዲህ የራስህ ጉዳይ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ወደ ታም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ታም አርጅቷል፤ ሥጋውን የምትቆርጠው ሞራግ ናት፣ ወገቧ ላይ የአራት ዓመት ልጅ ተንጠልጥሎ። ታም ሲያየኝ እንደ ልማዱ ጀመረ።

«ትንሹ ኦፍሳይድ! አባትህስ፣ መነጽር ገዛ?»

«ታም፣» አልኩት፣ «እስቲ ጓዳ ግባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ነገርኩት። ከስድሳኛው እርከን ጀምሬ ነገርኩት። ቀይዋን ኮፍያ፣ ዝምታውን፣ የአክስቴን የጎድን አጥንት። ፈገግታውን። ታም የሥጋ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እጁን አስደግፎ አዳመጠኝ። ስጨርስ ወደ ሱቁ ዞረ። በበሩ ቀዳዳ ሞራግን ያያታል። ለደንበኛ ቋሊማ እየመዘነች ትስቃለች። አየ፣ አየ፤ ከዚያ መጥረጊያ ጨርቁን አንስቶ፣ ንጹሕ የነበረውን ጠረጴዛ ይጠርግ ጀመር።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር በዋናው መንገድ እየሄድን ነው። ታም ከሱቁ ደጃፍ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሃምሳ እርምጃ ነው የሚጮኸው። ያን ቀን ግን ስንደርስ ኮፍያውን አወለቀ።

አባቴ ቆመ። ታምን አየ፣ እኔን አየ። ገባው። ፊቱ ላይ ቅር ያለው ነገር አለፈ፤ ሰው ለዓመታት የለበሰውን ኮት በድንገት ሲያወልቁበት እንደሚሆነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በዚያ የዳቦ ዋጋ በሚናገርበት ድምፅ፣

«ኦፍሳይድ ነበር፣ ታም» አለ።

ታም ኮፍያውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ነበር እንጂ፣ ዱጋልድ! ኦፍሳይድ ነበር! እኔም በዓይኔ አይቻለሁ!»